ወርዋሪ የጠፋበት ሜዳ፦ የትናንሽ ከተሞች ሶፍትቦል ለምን ተዳከመ?

እ.ኤ.አ. በ1967 ሎስ አንጀለስ ዶጀር ስታዲየም ውስጥ አንድ የበጎ አድራጎት ጨዋታ ተደረገ። ዱላ ይዘው የመጡት የዘመኑ የቤዝቦል ኮከቦች ነበሩ። ኳስ የሚወረውርላቸው ግን የቤዝቦል ሰው አልነበረም። ኤዲ ፌይግነር ይባላል፤ ዋላ ዋላ ከምትባል የዋሽንግተን ግዛት ከተማ የወጣ የሶፍትቦል ተጫዋች ነው። ዊሊ ሜይስ ቀረበ፤ አልቻለም። ዊሊ ማኮቪ ቀረበ፤ አልቻለም። ብሩክስ ሮቢንሰን፣ ሮቤርቶ ክሌሜንቴ፣ ሞሪ ዊልስ፣ ሃርሞን ኪልብሩ፤ ስድስቱም ተራ በተራ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ከስድስቱ አምስቱ ስማቸው በቤዝቦል የክብር አዳራሽ ገብቷል።

ለፌይግነር ይህ የተለመደ ሥራው ነበር። ከ1946 ጀምሮ ራሱን ጨምሮ አራት ሰው ብቻ ይዞ አሜሪካን ይዞራል። በየሄደበት የከተማውን ዘጠኝ ሰው ገጥሞ ያሸንፋል። ሲያሻው ዓይኑን በጨርቅ አስሮ ይወረውር ነበር። ታሪኩ የጀመረው በፉክክር ነው ይባላል። አንዱን ቡድን 33 ለ0 ካሸነፈ በኋላ ከተቀባዩ ጋር ሁለት ሆነው እንደሚበቁ ፎከረ። ኋላ ግን አራት አደረጋቸው፤ ሦስቱም ቤዝ ላይ (ሯጮች በሚቆሙባቸው ማረፊያዎች) ከቆሙ ዱላ የሚይዝ አንድ ሰው መትረፍ አለበታ! ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ እንዲህ ሲዞር ኖሮ በ2007 አረፈ።

የሚገርመኝ የሰውየው ክንድ ብቻ አይደለም። ያን ሁሉ ዓመት የሚዞርበት አገር መኖሩ ነው። በደረሰበት ትንሽ ከተማ ሁሉ መብራት ያለው ሜዳ ነበር፤ ተመልካች ነበር፤ ከሁሉም በላይ ሊገጥመው የሚደፍር የአዋቂ ወንዶች ቡድን ነበር። ሜዳዎቹ ዛሬም በብዛት አሉ። የወንዶቹ ቡድኖች ናቸው የጠፉት።

ለእግር ኳስ ሰው ጨዋታውን ባጭሩ ላስረዳ። ፋስትፒች ሶፍትቦል ከቤዝቦል የወጣ ነው። ሜዳው ያንሳል፤ ኳሷ ትተልቃለች። በቤዝቦል ወርዋሪውና መቺው 18 ሜትር ተኩል ያህል ይራራቃሉ። በወንዶች ፋስትፒች 14 ሜትር ብቻ ነው። ወርዋሪው ክንዱን ሙሉ ክብ አዙሮ ኳሷን ከታች፣ ከዳሌው አጠገብ ይለቃታል። ጎበዝ ከሆነ በሰዓት ከ120 ኪሎ ሜትር በላይ ትበርራለች። ከዚያ ርቀት ሲሰላ መቺው ለማሰብም ለመምታትም ያለው ጊዜ ግማሽ ሰከንድ አይሞላም። በዚያ ላይ ኳሷ ትጣመማለች። ራይዝቦል የሚሉት አወራወር አለ፤ ኳሷ ከዝቅታ ትነሳና መቺው ጋ ስትደርስ ሽቅብ የምትወጣ ትመስላለች።

ጨዋታው 7 ዙር ነው። አንድ ቡድን 21 ተቃራኒ ካስወጣ ሥራውን ጨረሰ። ጥሩ ወርዋሪ ከ21ዱ አብዛኞቹን ኳሷን ሳያስመታ ብቻውን ያሰናብታል። ስለዚህ 1 ለ0 የተለመደ ውጤት ነው። በ1976 ኒውዚላንድ፣ ሎወር ሃት ላይ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና አሜሪካዊው ታይ ስቶፍሌትና ኒውዚላንዳዊው ኬቨን ሄርሊሂ ተፋጠው 20 ዙር ሄዱ። አሜሪካ 1 ለ0 አሸነፈች። ስቶፍሌት ብቻውን 32 መቺ አሰናበተ። እንዲህ ያለውን ግጥሚያ የሚወድ ሰው እስትንፋሱን ይዞ ያያል። የማይወድ ደግሞ እንቅልፉን ይለጥጣል። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ሶፍትቦል የተወለደው በ1887 በታንክስጊቪንግ ቀን ቺካጎ ውስጥ ነው፤ በአንድ የቦክስ ጓንትና በአንድ እንጨት፣ ጣራ ሥር። ትናንሽ ከተሞችን ያጥለቀለቀው ግን በ1930ዎቹ ነው። በ1933 ቺካጎ የዓለም ኤግዚቢሽን ስታዘጋጅ ትልቅ ውድድር ተደረገ፤ በዚያው ዓመት የአሜሪካ አማተር ሶፍትቦል ማኅበር ተቋቋመ። ዘመኑ የኢኮኖሚ ድቀት ነበር። ሥራ የለም፣ ገንዘብ የለም፣ ጊዜ ግን ሞልቷል። ሶፍትቦል ደግሞ ርካሽ ነው። ትንሽ ቦታ ይበቃዋል፤ ቶሎ ያልቃል። የሩዝቬልት መንግሥት ለሥራ አጦች ሥራ ለመፍጠር በየከተማው መናፈሻና ሜዳ ሲያሠራ መብራት የተተከለላቸው የሶፍትቦል ሜዳዎችም አብረው ተሠሩ። ሰው ከሥራ መልስ ራቱን በልቶ ማታ መጫወት ቻለ።

ከዚያ ፋብሪካዎቹ ገቡበት። ፎርት ዌይን፣ ኢንዲያና ውስጥ ፍሬድ ዞልነር የፒስተን ፋብሪካ ነበረው። የሶፍትቦል ቡድኑ ዞልነር ፒስተንስ ከ1945 እስከ 1947 ሦስት ዓመት በተከታታይ ብሔራዊ ዋንጫ ወሰደ። ዛሬ በኤን.ቢ.ኤ. የሚጫወተው ዲትሮይት ፒስተንስ የዚሁ ሰውዬ የቅርጫት ኳስ ቡድን ነበር፤ በ1957 ነው ከፎርት ዌይን የሄደው። ፒዮሪያ፣ ኢሊኖይ ውስጥ የካተርፒላር ሴቶች ቡድን ነበር። ፍሎሪዳ ውስጥ ክሊርዋተር ቦምበርስ ከ1950 እስከ 1973 ባሉት ዓመታት 10 ብሔራዊ ዋንጫ ሰበሰበ። ክሊርዋተር ያኔ ትንሽ የባሕር ዳርቻ ከተማ ናት።

አሠራሩ ለኛ እንግዳ አይደለም። መብራት ኃይልን፣ ንግድ ባንክን፣ የድሬዳዋውን ጥጥ ማኅበር ማስታወስ ይበቃል። ተጫዋቹ በመዝገብ ሠራተኛ ነው። ደመወዙ ከመሥሪያ ቤቱ ይመጣል። አለቃው ግን የሚጠብቅበት ኳሱን ነው። አሜሪካም እንደዚያው ነበር። ጎበዝ ወርዋሪ ከሌላ ግዛት ተፈልጎ ሥራ ይሰጠዋል። "አማተር" የሚባለው ነገር ብዙ ጊዜ በወረቀት ነው፤ ይህን እንደ ነውር የሚቆጥረው አልነበረም።

ስትራትፎርድ፣ ኮኔቲከት ላይ ትንሽ መቆየት ፈለግኩ፤ ታሪኩ ጣፋጭም መራራም ስለሆነ። እዚያ ሬይቤስቶስ የሚባል የመኪና ፍሬን ሸራ ፋብሪካ ነበር። ፋብሪካው የራሱን ሜዳ ሠራ። የወንዶቹ ቡድን ካርዲናልስ፣ የሴቶቹ ብሬኬትስ ይባሉ ነበር። ሁለቱም የአገሪቱ አንደኞች ሆነዋል። በተለይ ብሬኬትስ ከ20 በላይ ብሔራዊ ዋንጫ አለው። ጆአን ጆይስ የዚያ ቡድን ወርዋሪ ነበረች። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ዋተርበሪ ከተማ ውስጥ በተዘጋጀ የትርዒት ግጥሚያ ቴድ ዊሊያምስን ገጠመችው። ቴድ ዊሊያምስ ማለት ብዙዎች የዘመናት ሁሉ ትልቁ መቺ የሚሉት ሰው ነው። እሱንም አሰናበተችው። ዱላውን ጥሎ ሄደ ይባላል፤ እኔም ብሆን እጥል ነበር።

ያ ፋብሪካ በ1989 ተዘጋ። ቡድኖቹ ብቻቸውን ቀሩ። ነገሩ በዚህ አላበቃም። የፍሬን ሸራው የሚሠራው ከአስቤስቶስ ነበር። ፋብሪካው ለዓመታት ቆሻሻውን ለከተማው መሬት መሙያ ይሰጥ እንደነበር ታወቀ። አስቤስቶሱ፣ እርሳሱ፣ ሌላውም መርዝ ጓሮ ውስጥ፣ መጫወቻ ቦታ ላይ ተገኘ። የሬይቤስቶስ ሜዳ ራሱ ከተበከሉት ቦታዎች አንዱ ሆነ። በ1995 የአሜሪካ መንግሥት ጉዳዩን በብሔራዊ ደረጃ መጽዳት ካለባቸው ቦታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገባው። ከተማዋን ያዝናናው ኩባንያና ከተማዋን የመረዘው ኩባንያ አንድ ነው። የድሮውን ዘመን ናፍቆት ሲያወሩ ይህን የሚዘሉ ሰዎች ያናድዱኛል።

ብሬኬትስ ግን ዛሬም አለ። በሌላ ሜዳ፣ በዚያው ከተማ ይጫወታል። የሴቶቹ ተርፎ የወንዶቹ ለምን ዘመኑ አለፈ? ለጉዳዩ ቁልፉ ይህ ጥያቄ ይመስለኛል።

የተለመደው መልስ እንዲህ ነው፦ ቴሌቪዥን መጣ፣ ፋብሪካ ተዘጋ፣ ወጣቱ ከገጠር ወደ ትልቅ ከተማ ጎረፈ። ሁሉም እውነት ነው። ግን አይበቃም። በእነዚያው ከተሞች የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የአሜሪካን ፉትቦል ዛሬም አርብ ማታ ሰው ይሰበስባል። ቴሌቪዥን እሱን አልገደለውም። ፋብሪካ ባይኖርም ሰው ይጫወታል። ሶፍትቦልን ለየት የሚያደርገው ወርዋሪው ነው።

እስቲ አስቡት። አንድ ከተማ እግር ኳስ ለመጫወት አሥራ አንድ መካከለኛ ልጆች ቢያገኝ ይበቃዋል። ግብ ጠባቂው ቢደክም እንኳ ጨዋታ አለ። በፋስትፒች ወርዋሪ ከሌለ ጨዋታ የለም። ኳሷን በትክክል ዒላማው ላይ ማሳረፍ የማይችል ሰው ከቆመ መቺዎቹ ዱላቸውን ሳያነሱ በነፃ ወደ ቤዝ ይሄዳሉ። ሜዳ ላይ የቆሙት ስምንቱ እጃቸውን አጣጥፈው ያያሉ። በአንጻሩ አንድ ከተማ በጣም ጎበዝ ወርዋሪ ካለው የጎረቤት ከተሞች ሲመጡ ተመትተው ይመለሳሉ። መካከለኛ መንገድ የለም። ክንዱን አዙሮ መልቀቅን መልመድ ደግሞ ዓመታት ይፈጃል። ልጁ በክረምቱ ብርድ ጎተራ ወይም ጂም ውስጥ ሲወረውር ፊት ለፊቱ ቁጢጥ ብሎ የሚቀበለው ሰው ያስፈልገዋል። አባት፣ አጎት፣ ታላቅ ወንድም። ክህሎቱ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ነው። አንድ ትውልድ ከዘለለ የሚያስተምር ይጠፋል።

ፋብሪካው ያደረገው ትልቁ ነገር ይህን ሰንሰለት በገንዘብ ማቆየት ነበር። ወርዋሪውን ቀጥሮ ከተማው ውስጥ አስቀመጠው። ወርዋሪው እዚያ ስለኖረ የሠፈር ልጆች አዩት፤ ኮርጀው ተማሩ። ፋብሪካው ሲሄድ ወርዋሪው ሥራ ፍለጋ ሄደ። ሜዳው ቀረ።

ያ ክፍተት ሲፈጠር ስሎውፒች ዝግጁ ሆኖ ጠበቀ። በስሎውፒች ኳሷ ቀስ ብላ፣ ከፍ ብላ፣ ቀስት ሠርታ ትመጣለች። ማንም ይወረውራታል፤ ማንም ይመታታል። አማተር ማኅበሩ በ1953 ብሔራዊ ውድድር አዘጋጀለት። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ አገሩን ሞላው። ወንድና ሴት ተቀላቅሎ ይጫወታል፤ ቦርጫሙም ሯጩም ይጫወታል፤ ከጨዋታ በኋላ ቢራ አለ። የፋስትፒች ሽማግሌዎች ስሎውፒችን ሲረግሙ ሰምቻቸው አልፈርድባቸውም፤ ግን አልስማማም። ያቺን 1 ለ0 አስታውሱ። ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ውሎ ማታ ሜዳ የመጣ ሰው ሦስቴ ቀርቦ ሦስቴም ኳሷን ሳያያት ከተመለሰ ምን አዝናናው? ፋስትፒች ለተመልካች ግሩም ነው። ለወርዋሪው ከዚያም በላይ ነው። ለሰባተኛና ለስምንተኛ መቺ ግን ብዙ ጊዜ ውርደት ነው። ስሎውፒች ለእነዚህ ሰዎች ዱላ መልሶ ሰጣቸው። እነሱ ሲሄዱ ሊጉ ፈረሰ፤ ሊግ ደግሞ በኮከቦች ብቻ አይቆምም።

አሁን ወደ ሴቶቹ ልመለስ። በ1972 አሜሪካ የመንግሥት ገንዘብ የሚያገኙ ትምህርት ቤቶች በጾታ እንዳያዳሉ የሚከለክለውን ታይትል ናይን የተባለውን ሕግ አወጣች። ትምህርት ቤቶች ለሴቶች ስፖርት መክፈት ነበረባቸው። ወንዶቹ ቤዝቦል ነበራቸው፤ ለሴቶቹ ፋስትፒች ሶፍትቦል ተሰጠ። በ1982 የዩኒቨርሲቲዎቹ ማኅበር ኤን.ሲ.ኤ.ኤ. የመጀመሪያውን የሴቶች ሶፍትቦል ሻምፒዮና አካሄደ። ከ1990 ጀምሮ ፍጻሜው ከሁለት ዓመት በቀር በየዓመቱ ኦክላሆማ ሲቲ ላይ ይደረጋል። በ1996 ሶፍትቦል ኦሊምፒክ ገባ፤ ለሴቶች ብቻ። ከ2008 በኋላ ወጥቶ በቶኪዮ ተመለሰ፤ በ2028ም ይኖራል። የወንዶች ሶፍትቦል ኦሊምፒክን አንድም ቀን አላየም።

ውጤቱ ግልጽ ነው። በአዮዋ ወይም በኔብራስካ ያለች የአሥር ዓመት ልጅ መወርወር ብትጀምር ከፊቷ መንገድ አለ። ትምህርት ቤት አለ፣ ስኮላርሺፕ አለ። ስለዚህ ወላጅ ለአሠልጣኝ ይከፍላል፤ በየሳምንቱ መጨረሻ ይነዳል። በ2024 ኒጃሪ ካናዲ የተባለች ወርዋሪ ከስታንፎርድ ወደ ቴክሳስ ቴክ ስትዛወር ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ የሆነ፣ ስሟንና ምስሏን ለማስታወቂያ የማዋል ውል እንደተሰጣት በሰፊው ተዘግቧል። የድሮው የፋብሪካ ቅጥር በአዲስ መልክ ተመለሰ ማለት ይቻላል፤ ወርዋሪ ያለው ያሸንፋል፣ ማሸነፍ የፈለገ ይከፍላል። የዚያች የአሥር ዓመት ልጅ ወንድም ግን ትምህርት ቤቱ ውስጥ የሚጠብቀው ቤዝቦል ብቻ ነው። ለወንዶች ፋስትፒች የሚያዘጋጅ የትምህርት ቤት ሊግም የዩኒቨርሲቲ ሊግም የለም። ወደ ጨዋታው የሚገባው አባቱ ስለተጫወተ ብቻ ነው።

የወንዶቹ እውቀትስ የት ሄደ? ብዙው ወደ ሴቶቹ ነው የሄደው። በ2025 የዩኒቨርሲቲዎቹን ዋንጫ ያነሳው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የሴቶች ቡድን ነው። አሠልጣኙ ማይክ ኋይት ኒውዚላንድ የተወለደ፣ በወንዶች ፋስትፒች ዓለም ስመ ጥር የነበረ ወርዋሪ ነው። በየትንሹ ከተማም በአነስተኛው እንዲሁ ነው። የድሮ ወርዋሪዎች ዛሬ በክረምት ሴት ልጆችን ያሠለጥናሉ። ይህ ኪሳራ አይደለም። ፋስትፒች እንደ ጨዋታ አልሞተም፤ እንደውም በታሪኩ እንዲህ ተመልካች አግኝቶ አያውቅም። የሞተው ሌላ ነገር ነው፦ መካኒኩ፣ ገበሬውና ፖስተኛው ማክሰኞ ማታ ለከተማቸው የሚሰለፉበት ልማድ።

የወንዶቹ ከፍተኛ ውድድር ራሱ ለዚህ ልማድ ማለቅ አስተዋጽኦ አድርጓል። የአገሩ ወርዋሪ ሲያንስ ገንዘብ ያላቸው ቡድኖች ከኒውዚላንድ፣ ከአውስትራሊያ፣ ከአርጀንቲና ማስመጣት ጀመሩ። ወርዋሪው አርብ በአውሮፕላን ይመጣል፤ እሑድ ይመለሳል። ጨዋታው በጥራት ከፍ አለ። ግን ማሊያው ላይ የተጻፈችው ከተማ ውስጥ የሚኖር ተጫዋች ጥቂት ሆነ። ያ ቡድን በአንድ ሀብታም ኪስ ላይ የቆመ ነው። ሀብታሙ ሲሰለቸው ወይም ሲያርፍ ቡድኑም አብሮት ያልፋል። የከተማው ሰውስ የማያውቀውን ሰው ለማየት ለምን ይወጣል?

ጨዋታው የቆየባቸውን ቦታዎች ስመለከት አንድ የጋራ ነገር አያለሁ። ባለቤቱ ኩባንያ ሳይሆን ቤተሰብ ነው። ኒውተን፣ ካንሳስ የባቡር ከተማ ናት። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የሳንታ ፌ ባቡር ድርጅት ለሐዲድ ሥራ ብዙ ሜክሲኳውያንን አመጣ። በሐዲዱ ዳር ሠፈሩ። ልጆቻቸው አሜሪካ ተወልደው፣ ለአሜሪካ ዘምተው እንኳ ብዙ ቦታ እንደ ባዕድ ይታዩ ነበር። በነጮቹ ቡድን ቦታ ሲያጡ የራሳቸውን ቡድን አቋቋሙ። ከ1940ዎቹ ጀምሮ ኒውተን ውስጥ የሜክሲኮ አሜሪካውያን የፋስትፒች ውድድር በየዓመቱ ይካሄዳል። ከካንሳስ ሲቲ፣ ከቴክሳስ ጭምር ቡድን ይመጣል። አያት ወርውሮበታል፣ አባት ተቀብሎበታል፣ ልጅ ዛሬ ይጫወትበታል። ምግቡ አለ፣ ሙዚቃው አለ፣ ዓመት ሙሉ ያልተያየ ዘመድ አለ። ይህን ስናገር ከ1984 ጀምሮ በየዓመቱ በሰሜን አሜሪካ የሚደረገው የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ፌስቲቫል ትዝ ያላለው ሐበሻ የለም። ኳሱን ለማየት የሚሄደው ስንቱ ነው? ግማሹ የሚሄደው ሰው ለማግኘት ነው። ውድድሩን ያቆየው ያ ነው።

በኦንታርዮ፣ ካናዳ የስድስቱ ነገዶች የሚባሉት ቀደምት ሕዝቦች ግዛትም እንደዚሁ ነው። ከዚያ የወጣው ሂል ዩናይትድ ቺፍስ በዓለም አቀፉ የሶፍትቦል ኮንግረስ (አይ.ኤስ.ሲ.) የዓለም ቱርናመንት ትልልቆቹን ቡድኖች አሸንፏል። በሌላዋ የካናዳ ግዛት በሰስካችዋን ውስጥም ጨዋታው ይተነፍሳል። የ2025ቱ የወንዶች የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ የተደረገው እዚያው፣ በመካከለኛዋ ፕሪንስ አልበርት ከተማ ነው። ዋንጫውን የወሰደችው ቬኔዝዌላ ናት።

አሜሪካ ለመጨረሻ ጊዜ የወንዶቹን የዓለም ዋንጫ ያነሳችው በ1988 ነው። ከዚያ ወዲህ ኒውዚላንድ፣ ካናዳ፣ አውስትራሊያ ወስደዋል። በ2019 ፕራግ ላይ አርጀንቲና ጃፓንን በፍጻሜው ረትታ ሻምፒዮን ሆነች። አርጀንቲና የእግር ኳስ አገር ናት፤ ፋብሪካም የሶፍትቦል ቡድን አላቋቋመባትም። ያላት ፓራና የምትባል ከተማና በከተማዋ ያሉ ክለቦች ናቸው። እዚያ አንድ ወንድ ልጅ ሶፍትቦልን በሠፈሩ ክለብ በሕፃንነቱ ይጀምራል፤ ሲያድግም የሚጫወትበት የአዋቂ ቡድን በዚያው ክለብ ውስጥ ይጠብቀዋል። በካንሳስም በኢንዲያናም የሚያስተምረው ሰው አሁንም አልጠፋም። ክረምቱን በሙሉ የጎረቤትን ሴት ልጆች ሲያሠለጥን ይውላል። ወንዱ ልጅ ቢማርም በፀደይ ወራት የሚገባበት ቡድን የለም፤ ቡድን የሌለው ደግሞ የሚወረውር ልጅ ስለሌለ ነው።